ዘሩ ነው ወይስ መሬቱ?

ኅዳር ላይ፣ የማሽላው አገዳ መድረቅ ሲጀምር፣ ከሐረር ብዙ በማይርቅ አንድ የገበሬ ማሳ ላይ ሚዛን ይዤ ቆሜ ነበር። ማሳው በገመድና በችካል ተከፋፍሎ ሠላሳ ስድስት የማሽላ ዝርያዎች በሦስት ድግግሞሽ፣ ማለትም እያንዳንዱ በሦስት የተለያየ ቦታ፣ ተዘርተውበታል። እያንዳንዱ ዝርያ በየፕሎቱ (ለአንድ ዝርያ በተለየችው ቁራሽ መሬት) አራት መስመር ይዟል፤ የመስመሩ ርዝመት 5 ሜትር፣ በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ርቀት 75 ሳንቲ ሜትር ነው። ዳርና ዳር ያሉት ሁለት መስመሮች ከጎረቤት ዝርያ ጋር ስለሚሻሙ አይመዘኑም። የሚመዘነው የመካከለኞቹ የሁለቱ መስመሮች እህል ብቻ ነው። ስፋቱ ሲሰላ 7.5 ካሬ ሜትር ይመጣል፤ አንዲት ጠባብ መኝታ ቤት ብታክል ነው።

አንደኛው ፕሎት 3.1 ኪሎ እህል ሰጠ። አጠገቡ ያለው 2.1 ኪሎ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ኪሎ ነው፤ በእጅ ሲያዝ በስስ ፌስታል የሚቋጠር እህል። ይህ አንድ ኪሎ ግን ወደ ሄክታር ሲመነዘር ከ13 ኩንታል በላይ ይሆናል። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ አንደኛው ዝርያ በሄክታር 41 ኩንታል፣ ሁለተኛው 28 ኩንታል ይሰጣል ተብሎ ይጻፋል። 28 የተባለው ዝርያ ተመልሶ ወደ ማሳ የመውጣት ዕድሉ በዚያው ያበቃል።

የማሳው ባለቤት፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አዛውንት፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ሥራችንን ሲመለከቱ ቆይተው ወደኔ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ እዚህ እኮ የአባቴ የከብት በረት ነበር» አሉኝ፣ 3.1 ኪሎ የሰጠውን ፕሎት በከዘራቸው እያመለከቱ። «እዚህ ምን ብትዘሪ ያምራል።»

«አባባ፣ ሳንዘራ በፊት ምነው ሳይነግሩኝ?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ የሙከራ ውጤት የተጻፈበት ሰንጠረዥ በገጠመኝ ቁጥር የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። ይህ ልዩነት የዘሩ ነው ወይስ የመሬቱ? ጥያቄው የተመራማሪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በምሥራቅ ሐረርጌና በድሬዳዋ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የአንድ ቤተሰብ ማሳ ጠባብ ነው። ከዚያም ላይ ጫት ድርሻውን ወስዷል። ለማሽላና ለበቆሎ በቀረችው መሬት ላይ የተሳሳተ ዝርያ የዘራ ገበሬ የሚያጣው የአንድ ዓመት ቀለብ ነው። ዝናቡ ዘግይቶ እየገባ ቀድሞ በሚወጣበት በዚህ ጊዜ ቶሎ የሚደርስ፣ ድርቅ የሚቋቋም ዝርያ ፍለጋው ተጧጡፏል፤ ተገቢም ነው። ዝርያው የሚመረጥበት ሚዛን ትክክል መሆኑን የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ስለ አዲስ ዘር ብዙ ይወራል፤ ዘሩ እንዴት ባለ ማሳ ላይ፣ በምን አደላደል ተፈትኖ እንዳለፈ ግን አይነገርም።

መሬት እኩል አይደለም

መሬት ሜዳ መስሎ እየታየ ምን ያህል እንደሚለያይ በቁጥር ካሳዩት የቆዩ ሥራዎች አንዱ በእንግሊዝ አገር በሮተምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የተሠራ ነው። መርሰርና ሆል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተሙት ጥናት አንድ ዓይነት ስንዴ፣ በአንድ ዓይነት አያያዝ የበቀለበትን አንድ ኤከር ማሳ በ500 ትንንሽ ፕሎቶች ከፍለው የየአንዳንዱን ምርት ለየብቻ መዘኑ። ዘሩ አንድ፣ እርሻው አንድ፣ ዝናቡ አንድ። ሆኖም ዝቅተኛው ፕሎት 2.73 ፓውንድ እህል ሲሰጥ ከፍተኛው 5.16 ፓውንድ ሰጠ፤ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው። በዚያ ማሳ ላይ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች አጠገብ ለአጠገብ ተዘርተው ቢሆን ኖሮ የዚህን ያህል ልዩነት ያየ ሰው ሁሉ «ዝርያው ነው» ባለ ነበር።

የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1919 እዚያው ሮተምስቴድ ሲቀጠር ከ1843 ጀምሮ በየዓመቱ የተመዘገበ የስንዴ መረጃ ክምር ጠበቀው። ያ ሁሉ መረጃ ተከምሮ እያለ ብዙዎቹን ጥያቄዎች መመለስ አይቻልም ነበር፤ ምክንያቱም ማዳበሪያው ሁልጊዜ የሚጣለው በያዘው መደብ ላይ ብቻ በመሆኑ የማዳበሪያውን ሥራ ከመሬቱ ሥራ መለየት አይቻልም። ፊሸር የደረሰበት መፍትሔ ሲነገር ቀላል ይመስላል። አንደኛ፣ አንዱን ዝርያ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ መዝራት። ሁለተኛ፣ የትኛው ዝርያ የት እንደሚዘራ በዕጣ መወሰን። ሦስተኛ፣ ተመሳሳይ የሆነውን መሬት እየለዩ በብሎክ መክፈልና ንጽጽሩን በብሎኩ ውስጥ ማድረግ። እ.ኤ.አ. በ1926 ባወጣው አንድ አጭር ጽሑፍ ይህን ለመስክ ሥራ በሚሆን መልኩ አስቀመጠው፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ የሚሠራ የሰብል ሙከራ ሁሉ የዚያ ጽሑፍ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ዕጣው ለእኛ ሰው ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። ዕቁብ የጣለ ሁሉ ያውቀዋል። ዳኛው የታመነ ሰው ቢሆንም እንኳ ተራውን በእጁ እንዲያድል አይፈቀድለትም፤ ዕጣ ይወጣል። ዕጣ የሚወጣው ሰውየው ስለሚሰርቅ አይደለም፤ ሳያውቀውም ቢሆን ልቡ ወደ አንዱ ሊያዘነብል ስለሚችል ነው። ዝርያ ያዳቀለ ሰውም እንዲሁ ነው። ስምንትና አሥር ዓመት የለፋበትን ዘር፣ ሳይታወቀው፣ ጠፍጣፋውና ጥቁሩ አፈር ላይ ያስቀምጠዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዕጣው በወረቀት ላይ ከወጣ በኋላ ማሳ ላይ «ለሥራ እንዲመች» ተብሎ የሚቀየርበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ዝርያ ቁጥር 1 በሦስቱም ድግግሞሽ ከጫፍ ሲቀመጥ፣ ቁጥር 2 ሁልጊዜ ከጎኑ ሲሆን፣ ሙከራው ድግግሞሽ አለው እንጂ ዕጣ የለውም። ቁጥር 1 ከሦስት ሜትር በላይ የሚረዝም የአገሬው ማሽላ፣ ቁጥር 2 ደግሞ ከወገብ ጥቂት ከፍ የሚል የተሻሻለ ዝርያ ከሆነ፣ ቁጥር 2 በሦስቱም ቦታ ጥላ ውስጥ አድጎ በሦስቱም ቦታ ይወድቃል። የቁመታቸው ልዩነት ይህን ያህል ሲሆን ረጃጅሞቹን ለብቻ፣ አጫጭሮቹን ለብቻ መደልደል ግድ ነው፤ ሁለቱን ቡድኖች የሚያገናኙት በሁለቱም ውስጥ የሚዘሩት ማነጻጸሪያ ዝርያዎች፣ ጠባያቸው አስቀድሞ የታወቀው፣ ይሆናሉ።

እርከን፣ ገርቢና አቀንጭራ

ሮተምስቴድ ሜዳ ነው። ሐረርጌ ግን ተዳፋት ነው። ከሐረር ወደ ሐሮማያ፣ ከሐሮማያ ወደ ቁልቢ የሚጓዝ ሰው ከመኪና መስኮት የሚያየው እርከን ላይ እርከን ነው። በእርከኑ ላይኛው ዳር አፈሩ ስስ፣ ታችኛው ዳር ግን ውኃና ደለል ያረፈበት ወፍራም ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አሥር ሜትር ላይሞላ ይችላል።

ሠላሳ ስድስቱን ዝርያዎች እናስታውስ። የአንድ ፕሎት ወርድ 3 ሜትር ነው። ሠላሳ ስድስቱን በአንድ ረድፍ ብንደረድር 108 ሜትር ይሆናል። በሦስት ረድፍ ብናጥፈው ደግሞ 36 ሜትር ወርድና፣ መተላለፊያው ተጨምሮ፣ 17 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ብሎክ ይወጣል። በተዳፋት መሬት ላይ ይህ ብሎክ አንድ ወይም ሁለት እርከን ማቋረጡ አይቀርም። በዚህ ጊዜ ብሎክ የሚለው ስም ብቻ ይቀራል፤ በውስጡ ያለው መሬት እርስ በርሱ አይመሳሰልም። እኔም ያን ጊዜ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ገመዱን የዘረጋሁት ለመኪናው መቆሚያ በሚመቸው በኩል እንጂ መሬቱ በሚወርድበት በኩል ምን እንዳለ አይቼ አልነበረም።

ለዚህ መድኃኒቱ ከተገኘ ቆይቷል። ሌላው የስታቲስቲክስ ሊቅ ፍራንክ ዬትስ እ.ኤ.አ. በ1936 ብሎኩ ሁሉንም ዝርያ መያዝ እንደሌለበት አሳየ። ሠላሳ ስድስቱን ስድስት ስድስት እያደረጉ በስድስት ትንንሽ ብሎኮች መክፈል፣ በቀጣዩ ድግግሞሽ ደግሞ ቡድኖቹን አደባልቆ እንደገና መክፈል ይቻላል። አንድ ትንሽ ብሎክ 18 ሜትር ብቻ ስለሚረዝም በአንድ እርከን ላይ፣ በአንድ ከፍታ፣ ያለ ጭንቅ ይተኛል። የዬትስ ዘዴ የዝርያዎቹ ቁጥር እንደ 25፣ 36 ወይም 49 ያለ እንዲሆን ይጠይቅ ስለነበር ለመስክ ሠራተኛ ያስቸግር ነበር። ፓተርሰንና ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1976 አልፋ የተባለውን ንድፍ ሲያወጡ ግን ይህ ገደብ በአብዛኛው ተነሣ። 32ም ይሁን 40 ዝርያ፣ ብሎኩን እንደ መሬቱ መጠን መቁረጥ ተቻለ። እንግዲህ ዘዴው ከወጣ ግማሽ ምእተ ዓመት ያህል ሆኖታል ማለት ነው። ሆኖም ዛሬም ብዙ ዝርያ የያዘ ሙከራ በሦስት ትላልቅ ብሎኮች ተዘርቶ ማየት የተለመደ ነው፤ ዘንድሮ የተደረገውም ባለፈው ዓመት እንዲያ ስለተደረገ ነው።

ትንሹ ብሎክ የሚያስገኘውን ጥቅም በቁጥር ላሳይ፤ ቁጥሩን ለማስረጃ ሳይሆን ለማስረዳት ያህል ውሰዱት። በአንድ ብሎክ ውስጥ አንድ ዓይነት ዝርያ ከፕሎት ፕሎት በሄክታር 6 ኩንታል ገደማ ይዋዥቃል እንበል። ሦስት ድግግሞሽ ካለን፣ ሁለት ዝርያዎች በእርግጥ ይለያያሉ ብሎ ለመናገር በመካከላቸው ወደ 10 ኩንታል የሚጠጋ ልዩነት መኖር አለበት። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ብሎኩን በማሳነስ መዋዠቁን ወደ 4 ኩንታል ካወረድነው በዚያው በሦስት ድግግሞሽ 6.5 ኩንታል ልዩነት ይበቃል። ብሎኩን ሳይነኩ እዚህ ለመድረስ ደግሞ ሰባት ድግግሞሽ መዝራት ያስፈልግ ነበር። ከእጥፍ በላይ መሬት፣ ከእጥፍ በላይ ዘር፣ ከእጥፍ በላይ የቀን ሠራተኛ። ገመዱን በሌላ አቅጣጫ መዘርጋት ይህን ሁሉ ይተካል።

የዛፎቹ ነገር ለብቻው መነሣት አለበት። በሐረርጌ ደጋና ወይና ደጋ ማሳዎች መካከል ገበሬው ሳይቆርጥ የሚተወው ገርቢ የሚባል ግራር አለ። በክረምት፣ ሰብሉ ብርሃን በሚፈልግበት ወቅት ቅጠሉን ያረግፋል፤ በበጋ ለምልሞ ለከብት ጥላና መኖ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ አንድ ጥናት በሐረርጌ ከፍተኛ ቦታዎች በገርቢ ሥር የበቀለ በቆሎና ማሽላ ከዛፉ ርቆ ከበቀለው በአማካይ 56 በመቶ የበለጠ ምርት እንደሰጠ አሳይቷል። ሃምሳ ስድስት በመቶ! አንድ አዲስ ዝርያ ከነባሩ አሥር ወይም አሥራ አምስት በመቶ ከበለጠ ባለሙያዎቹ ይደሰታሉ። አንዲት ዛፍ፣ ወይም ከዓመታት በፊት ተቆርጣ ጉቶዋ የቀረ ዛፍ፣ ከዚያ የበለጠ ልዩነት በአንድ ፕሎት ላይ ልታመጣ ትችላለች። የጉቶውን ቦታ የሚያውቀው ደግሞ የማሳው ባለቤት ነው።

ወፉንም መርሳት የለብንም። ግሪሳ ወፍ አንዷ በቀን ወደ 10 ግራም እህል ትበላለች ይባላል። መቶ ወፎች በአንድ ቀን አንድ ኪሎ ማለት ነው። ይህ ልክ ያ የተከራከርንበት አንድ ኪሎ፣ በሄክታር 13 ኩንታሉ ነው። ወፍ በዕጣ አይበላም። ከሁሉ ቀድሞ ያፈራውን፣ ከዛፍ አጠገብ ያለውን፣ የማሳውን ጠርዝ መርጦ ይበላል። ቶሎ የሚደርሰውን ዝርያ ድርቅን ያመልጣል ብለን ስንፈትን በዙሪያው ያለው ሁሉ ገና አረንጓዴ ስለሆነ የአገሩ ወፍ በእሱ ላይ ያርፋል። ከዚያም «ምርቱ ዝቅተኛ ነው» ብለን እንጥለዋለን። ማሳውን በሌላ ማሽላ መክበብ፣ ጠባቂ ማቆም፣ ዛላውን መሸፈን የንድፉ አካል መሆን አለበት።

ከሁሉ የሚከፋው አቀንጭራ ነው። አቀንጭራ በማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖር ጥገኛ አረም ነው። ሐምራዊ አበባው ከመሬት ብቅ ሲል ያየ ሰው ያምርበታል ይላል፤ ጉዳቱን ግን ከመሬት በታች አስቀድሞ ጨርሷል። አንዷ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዱቄት መሳይ ዘር ታፈራለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይበላሽ ይቆያል። ለሙከራ ንድፍ ዋናው ችግር ግን አቀንጭራ በማሳ ላይ እኩል አለመሠራጨቱ ነው። እዚህ ታጭቆ፣ አምስት ሜትር አለፍ ብሎ አንድም አይገኝም። ጥገኛውን ይቋቋማል የተባለ ዝርያ በእርግጥ ተቋቁሞ ነው ወይስ አቀንጭራ በሌለበት ቦታ ወድቆ? በማሳ ላይ ብቻ ይህን መለየት ዘር አሻሻዮችን ለዓመታት አድክሟል።

እዚህ ላይ የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታን ሥራ ማንሣት ደስ ይለኛል። የዛሬው ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ዓለማያ ኮሌጅ ይባል በነበረበት ጊዜ እዚያ የተማሩት ገቢሳ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ጥያቄውን ከማሳ ወደ ቤተ ሙከራ አወረዱት። የአቀንጭራ ዘር የሚበቅለው የማሽላ ሥር የሚለቀው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ስለዚህ በማሳ ላይ የበቀለውን አረም በመቁጠር ፈንታ የእያንዳንዱ ማሽላ ሥር በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ የአቀንጭራን ዘር ምን ያህል እንደሚያበቅል መለካት ይቻላል። ሳሕኑ ላይ እርከን የለም፤ በረት የለም። በዚህ መንገድ ከተለዩት ዝርያዎች ጎብዬና አብሽር የተባሉት በአገራችን ለገበሬ ቀርበዋል። ገቢሳም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ብዙ ሰው ይህን ሽልማት የሚያስታውሰው እንደ ዘር ድል ነው። እኔ ግን ጥሩ ንድፍ ያመጣው ድል አድርጌም እመለከተዋለሁ፤ ጥያቄው በትክክል የሚመለስበት ቦታ ተፈልጎ ተገኝቷልና።

አንደኛ የወጣው ለምን ይወርዳል?

ገበሬዎች ደጋግመው የሚያነሡት ቅሬታ አለ። «በምርምር ጣቢያው 45 ኩንታል ይሰጣል ያላችሁት ዘር እኛ ጋ ሲመጣ 20 አልሞላም» ይላሉ። ብዙውን ጊዜ መልሱ ማዳበሪያ አልጨመራችሁም፣ በመስመር አልዘራችሁም፣ አላረማችሁም የሚል ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ከስሌቱ ራሱ የሚመጣ ሌላ ምክንያት አለ፤ እሱ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

መቶ ዝርያ ፈትነን አንደኛ የወጣውን ስንመርጥ የምንመርጠው ጥሩ ዝርያ ብቻ አይደለም። ዕድለኛ ዝርያም ነው። አንደኛ ለመውጣት ጥሩ ዘርም፣ በረት የነበረበት መሬትም፣ ወፍ ያልደረሰበት ጥግም ረድተውታል። በሚቀጥለው ዓመት ዘሩ አብሮት ይሄዳል፤ በረቱ ግን አይከተለውም። በሙከራው ከታየው ልዩነት ውስጥ የዘሩ ድርሻ 40 በመቶ ብቻ ከሆነ፣ ከአማካዩ በ15 ኩንታል በልጦ የታየ ዝርያ በሌላ ማሳ ላይ ሊጠበቅበት የሚገባው 6 ኩንታል ብልጫ ነው። ቀሪው 9 ኩንታል የመሬትና የአጋጣሚ ነበር። የዛሬው ስታቲስቲክስ ይህን አስቀድሞ ያርመዋል፤ በቂ ማስረጃ የሌለውን ብልጫ ወደ አማካዩ ጎትቶ ዝቅ አድርጎ ይተነብየዋል። የእንስሳት አርቢዎች በዚህ ስሌት መጠቀም ከጀመሩ ቆይተዋል። በእኛ ማሳ ላይ ግን ጥሬው አማካይ ራሱ በብሮሹር ላይ ይታተማል። ገበሬው ዋሹኝ ቢል አይፈረድበትም።

ሌላው ምክንያት ቦታው ነው። ሐሮማያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከዚያ ተነሥቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ድሬዳዋ ለመግባት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃል፤ ከፍታው ግን ወደ 1,200 ሜትር ይወርዳል። በሚያዝያ ተዘርቶ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ማሳ ላይ የሚቆመው ሙይራ የተባለው የደጋ ማሽላ ድሬዳዋ ዙሪያ ቢዘራ ሳያፈራ ዝናቡ ያልቅበታል። ለቆላ የተመረጠው ደግሞ ደጋ ላይ በወፍና በብርድ ይመታል። ባቢሌ ሲደርሱ አፈሩ ራሱ ይቀየርና አሸዋ ይሆናል፤ ለለውዝ እንጂ ለብዙ ሰብል አይመችም። ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ በድሬዳዋም በባቢሌም የሙከራ ቦታ መያዙ ለዚህ ነው፤ የሚያስመሰግን ነው።

ጥያቄው ያለችውን ጥቂት ገንዘብ የት እናውላት የሚለው ነው። ለአንድ ዝርያ አሥራ ሁለት ፕሎት ብቻ መዝራት ብንችል፣ በሁለት ቦታ ስድስት ስድስት ጊዜ ከመዝራት በስድስት ቦታ ሁለት ሁለት ጊዜ መዝራት ሁልጊዜ ማለት በሚቻል ሁኔታ የተሻለ ነው። አንድ ቦታ ላይ ስድስት ጊዜ መድገም ስለዚያ ቦታ በጣም እርግጠኛ ያደርገናል፤ ስለ ፈዲስ ወይም ስለ ግራዋ ግን ምንም አይነግረንም። ተቃውሞው ይገባኛል። ስድስት ቦታ ማለት ስድስት ጊዜ ነዳጅ፣ ስድስት ጊዜ አበል፣ ስድስት ጠባቂ ነው። ቢሆንም የሁለት ጣቢያ ውጤት ይዞ ለመላው ምሥራቅ ዘር መምከር የበለጠ ያስከፍላል፤ የሚከፍለው ገበሬው መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ወጪውን የሚቀንስ መንገድም አለ። ዘሩ ጥቂት ሲሆን፣ ለምሳሌ በ1976 (እ.ኤ.አ.) ከተቋቋመው የአገራችን የጂን ባንክ (የነባር ዘሮች ማከማቻ) የወጡ የሐረርጌ የማሽላ ዘሮችን ለመጀመሪያ ጊዜ ስንፈትን፣ ለአንድ ፕሎት እንጂ ለሦስት የሚሆን ዘር አይገኝም። ዋልተር ፌደረር እ.ኤ.አ. በ1956 ለዚህ ንድፍ አበጅቷል። አዲሶቹ ዘሮች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይዘራሉ፤ የታወቁት ማነጻጸሪያዎች ግን በየብሎኩ ይደጋገማሉ። የመሬቱን ጥሩነትና መጥፎነት የሚነግሩን ማነጻጸሪያዎቹ ናቸው። ከአዲሶቹ ውስጥ ከፊሎቹን ሁለት ጊዜ፣ የቀሩትን አንድ ጊዜ የሚዘራ አዲስ ንድፍም ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ተስፋፍቷል።

ከዚህም የራቀ ሐሳብ አለ፤ ሙከራውን ራሱን ለገበሬው መስጠት። እያንዳንዱ ገበሬ ከብዙ ዝርያዎች ውስጥ በዕጣ የወጡለትን ሦስት ብቻ ይወስዳል፣ በራሱ ማሳ፣ በራሱ አያያዝ ይዘራል፣ ከሦስቱ የቱ እንደሚበልጥና የቱ እንደሚያንስ ብቻ ይናገራል። የአንዱ ገበሬ መልስ ብዙ አይደለም። የአንድ ሺህ ገበሬ መልስ አንድ ላይ ሲሰላ ግን የትኛው ዝርያ በየትኛው የአየር ጠባይ እንደሚሻል ይወጣል። ኢትዮጵያ፣ ሕንድና ኒካራጓ የተካፈሉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ከ12,000 በላይ የገበሬ ማሳዎችን በዚህ መንገድ አጥንቷል፤ በአገራችን የተፈተነው የፓስታ ስንዴ ነበር። ለሐረርጌ ማሽላ ይህ ዘዴ የተለየ ጥቅም አለው ብዬ አምናለሁ። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላ የሚዘራው ለእህሉ ብቻ አይደለም። አገዳው የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው፣ የጎጆ ማገር ነው። ሚዛኑ ላይ የሚወጣው እህሉ ብቻ ሲሆን አጭር ዝርያ ያሸንፋል። ገበሬው ቤቱ ወስዶ ሲፈርድ ግን ሙይራና ፈንድሻ የተባሉት የአገሬው ማሽላዎች ለምን እስካሁን እንደሚዘሩ ይገባናል። ምን እንደሚለካ መወሰን የንድፉ የመጀመሪያው መሥመር ነው።

አሁን ምን ይደረግ?

ትልቅ በጀት የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። የመስክ መዝገብ ላይ የእያንዳንዱ ፕሎት ረድፍና ዓምድ ቁጥር ይጻፍ። ይህ ከተጻፈ የፕሎቶቹ ጉርብትና ስለሚታወቅ የአፈሩን ለምነት ከነአቅጣጫው በስሌት መለየት ይቻላል፤ ስሌቱን የሚሠራው አር የሚባለው ሶፍትዌር በነጻ የሚገኝ ነው፣ ማንኛውም ደህና ኮምፒውተር ይሸከመዋል። ረድፍና ዓምዱ ካልተጻፈ ግን መረጃው ለዘላለም ጠፋ፤ ከዓመት በኋላ የማን ጎረቤት ማን እንደነበረ የሚያስታውስ አይኖርም። ከአንድ ፕሎት ሦስት ዛላ ቆርጦ ሦስት ድግግሞሽ ነው ማለት ይቅር፤ በተመራቂ ተማሪዎች ጽሑፍ ላይ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ መካሪዎቻቸውም አይተው ያልፉታል። አዲስ ዝርያ ይፋ ሲሆን ከአማካይ ምርቱ ጎን የሙከራው ካርታ፣ የማነጻጸሪያው ምርት በየቦታው፣ የስህተቱም ልክ አብሮ ይውጣ። ዘር የሚገዛ ኅብረት ሥራ ማኅበር ይህን የመጠየቅ መብት አለው።

በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ማሳ ተመልሰን ስንሄድ ገመዱን ከመዘርጋታችን በፊት ከአዛውንቱ ጋር ማሳውን ዞርነው። ግማሽ ቀን ፈጀብን። ሁለት የገርቢ ጉቶ፣ አንድ የፈረሰ ኩይሳ፣ አቀንጭራ የሚበዛበትን የታችኛውን ጥግ፣ ጎርፍ የበላውን የእርከን አፍ አሳዩን። ሁሉንም በወረቀት ላይ ሣልነው። ብሎኮቹን እያንዳንዳቸው ስድስት ፕሎት አድርገን በእርከኑ ርዝመት አስተኛናቸው። በረት የነበረበትን ቦታ ራሱን የቻለ አንድ ብሎክ አደረግነው፤ ስድስት ፕሎት በትክክል ያዘ።